የሕዝብ አስተዳደር ወይስ ጎረቤቶቹ? የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ክፍል ለሚመርጡ የንጽጽር መመሪያ

አንድ የጨረታ መዝገብ እንክፈት። አንድ መሥሪያ ቤት የውኃ መስመር ጥናት የሚሠራለት አማካሪ ድርጅት ይፈልጋል። ለመጨረሻው ዙር ሁለት ተጫራቾች ደርሰዋል። አንደኛው በቴክኒክ ግምገማ ከመቶ 90 አግኝቶ 500 ሺህ ጠይቋል፤ ሁለተኛው 80 አግኝቶ 400 ሺህ ጠይቋል። የዋጋ ነጥቡ የሚሰላው ዝቅተኛውን ዋጋ ለተጫራቹ ዋጋ አካፍሎ በ100 በማባዛት ነው እንበል፤ ስለዚህ በዋጋ አንደኛው 80፣ ሁለተኛው 100 ያገኛል። የጨረታ ሰነዱ ለቴክኒክ 80 በመቶ፣ ለዋጋ 20 በመቶ ክብደት ሰጥቶ ከሆነ አንደኛው በድምሩ 88፣ ሁለተኛው 84 ያመጣል። ክብደቱ 60 በ40 ቢሆን ኖሮ ግን አንደኛው 86፣ ሁለተኛው 88 ይሆን ነበር። ተጫራቾቹ ያው፣ ያቀረቡትም ሰነድ ያው፤ አሸናፊው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ይህን መዝገብ አምስት ተመራቂዎች ተራ በተራ ቢያዩት እያንዳንዳቸው ሌላ ነገር ያነቡበታል። የሕግ ተመራቂው ክብደቱ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በሰነዱ ላይ ሰፍሮ እንደነበርና የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ማለፉን ያጣራል። የኢኮኖሚክሱ «100 ሺህ ጨምረን የገዛናት የ10 ነጥብ ብልጫ ዋጋዋን ታወጣለች ወይ?» ይላል። የፖለቲካል ሳይንሱ ክብደቱን ማን እንደወሰነውና ማን እንደተጠቀመበት ይጠይቃል። የማኔጅመንቱ ጥናቱ በተባለው ቀን እንዴት እንደሚያልቅ ያስባል። የሕዝብ አስተዳደር ተመራቂው ከአራቱም ጥያቄ ጥቂት ጥቂት ይዞ ይቀርባል፤ በማግሥቱ ግን ሰነዱን የሚያረቀው፣ ኮሚቴውን የሚሰበስበው፣ ቃለ ጉባኤውን የሚያስፈርመው፣ ተሸናፊው ቅሬታ ሲያቀርብ መልስ የሚጽፈው እሱ ነው። ይህ ሥራ የሚስባችሁ ከሆነ መስኩ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ይህ ሥራ አሰልቺ ወረቀት ሆኖ ከታያችሁና የሳባችሁ «ማን ተጠቀመ?» የሚለው ጥያቄ ከሆነ፣ ከወዲሁ ሌላ በር ብታንኳኩ ይሻላል።

መጀመሪያ የሥራውን በር እዩ

ብዙ ሰው ትምህርት ክፍሎችን ከማወዳደሩ በፊት ማየት የሚገባውን ነገር ይዘለዋል፤ ልትቀጠሩበት በምታስቡት አገር የመንግሥት ሥራ በር የሚከፈተው በምንድን ነው? አሠራሩ ከአገር አገር በጣም ይለያያል፤ ዲግሪው የሚያወጣው ዋጋም አብሮ ይለያያል።

በፈተና የሚመርጡ አገሮች አሉ። ብሪታንያ በ1854 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ሪፖርት ተከትላ ቀስ በቀስ የገነባችው ሥርዓት መነሻው ሹመት በትውውቅ መሆኑ ቀርቶ በውድድር ፈተና ይሁን የሚል ነበር። የሚፈለገው በጥሩ ሁኔታ የተማረ ሰው ነው፤ የተማረው ታሪክም ይሁን ሒሳብ ለውጥ አያመጣም። የሕንድ የሲቪል ሰርቪስ ፈተናም ማንኛውንም ዲግሪ ይዞ ለሚመጣ ክፍት ነው፤ ማጣሪያ፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ሲኖሩት፣ የሕዝብ አስተዳደር ተፈታኙ ሊመርጣቸው ከሚችላቸው የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው። እንዲህ ባለው አገር ዲግሪው ለፈተናው ያዘጋጃል እንጂ ቅድሚያ አያሰጥም።

ፈረንሳይ ከፍተኛ ኃላፊዎቿን በተለየ ትምህርት ቤት ታሠለጥናለች። በ1945 የተቋቋመው ብሔራዊ የአስተዳደር ትምህርት ቤት በ2022 በብሔራዊ የመንግሥት አገልግሎት ተቋም ተተክቷል። እዚያ የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪውን ሌላ ቦታ ጨርሶ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ከፍተኛው የአስተዳደር እርከን ለረጅም ጊዜ በሕግ ምሩቃን የተያዘ ሲሆን፣ ለመካከለኛው እርከን በመንግሥት የሚተዳደሩ የአስተዳደር ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተማሪው በትምህርትና በመሥሪያ ቤት ልምምድ እየተፈራረቀ፣ እየተከፈለው ይማራል።

ሦስተኛው ዓይነት በር የሥራ መደቡ ማስታወቂያ የዲግሪ ስም የሚዘረዝርበት ነው። እዚህ ላይ ስም ራሱ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያው «የሕዝብ አስተዳደር፣ ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ» ካለ ገባችሁ፤ «አካውንቲንግ» ብቻ ካለ፣ አራት የበጀት ኮርስ ብትወስዱም መልማዩ ፋይላችሁን ወደ ጎን ያደርገዋል። «ተዛማጅ» የምትለዋን ቃል የሚተረጉመው መልማዩ ስለሆነ አትመኩባት። ይልቅ 20 የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቡና በስንቶቹ ላይ የዲግሪው ስም በግልጽ እንደተጻፈ ቁጠሩ። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከማንም ምክር በላይ ይነግራችኋል።

ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር

*ፖለቲካል ሳይንስ።* ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ብዙ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተምራቸዋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ልዩነቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ የመንግሥት አወቃቀር፣ ሕገ መንግሥት፣ የፖለቲካ አስተሳሰቦች የሁለቱም መግቢያ ናቸው። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ መንገዱ ይከፈላል። ፖለቲካል ሳይንስ ወደ ምርጫ ሥርዓት፣ ወደ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ወደ ንጽጽራዊ ፖለቲካ ይሄዳል፤ የሚጻፈው ሙግት ያለው ረጅም ድርሰት ነው። ሕዝብ አስተዳደር ወደ በጀት፣ ወደ ሰው ኃይል፣ ወደ አስተዳደር ሕግ ይሄዳል፤ የሚጻፈው ኃላፊው በአምስት ደቂቃ አንብቦ የሚወስንበት የሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው።

የሁለት ገጹ ማስታወሻ ቀላል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ችግሩ ምንድን ነው፣ ምን ምን አማራጭ አለ፣ እያንዳንዱ ስንት ያስወጣል፣ ማን ይቃወመዋል፣ የቱን ትመክራለህ፤ ይህ ሁሉ በ800 ቃል ያልቃል። ጥሩ ድርሰት ጸሐፊ የነበረ ተማሪ እዚህ ላይ የሚወድቀው ምክሩን የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስለሚያስቀምጠው ነው፤ ኃላፊው እዚያ ሳይደርስ ስልኩ ይጠራል። ምክሩ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን። ጋዜጠኝነት፣ ዲፕሎማሲ፣ ምርምር ወይም ራሱ ፖለቲካው የሚያጓጓችሁ ከሆነ ፖለቲካል ሳይንስ ይሻላችኋል፤ ያኔም ቢሆን አንድ የበጀት ኮርስ እንደ ምርጫ ኮርስ ውሰዱ።

*ሕግ።* ሕግ ፈቃድ የሚሰጥ ሙያ ነው። ጥብቅና መቆም፣ መዳኘት፣ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ክስ መመሥረት በአብዛኛው ያለ ሕግ ዲግሪ አይሆንም። ሕዝብ አስተዳደር እንዲህ ያለ የተከለለ ሜዳ የለውም፤ ተመራቂው የሚሠራውን ሥራ በአብዛኛው ሌላ ተመራቂም ሊሠራው ይፈቀድለታል። ይህ የመስኩ ትልቁ ድክመት ስለሆነ ሳይሸፋፈን መታወቅ አለበት። በአንጻሩ ሕግ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል፣ ቁጥር ግን እምብዛም አያስተምርም። ደንብ ማንበብ የምትወዱ ግን ፍርድ ቤት የማያጓጓችሁ ከሆነ፣ ሁለት የአስተዳደር ሕግ ኮርስ ያለው የሕዝብ አስተዳደር ፕሮግራም ይበቃችኋል። አንዲት የአስተዳደር ሕግ ኮርስ ብቻ ያለው ግን አይበቃም፤ አንዷ ኮርስ የምትበቃው «አንድ ባለሥልጣን ከተሰጠው ሥልጣን በላይ ሄደ የሚባለው መቼ ነው?» እስከሚለው ብቻ ነው። ዜጋው ሳይሰማ የተወሰነ ውሳኔ፣ ምክንያት ያልተጻፈበት ውሳኔ፣ ለሌላ ሰው በውክልና የተላለፈ ሥልጣን፤ ቢሮ ውስጥ በየዕለቱ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

*ማኔጅመንት።* ወላጆች «ማኔጅመንት ካለ ይህ ለምን አስፈለገ?» ብለው የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የድርጅት ባሕሪ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ዕቅድ፣ አመራር በሁለቱም አሉ፤ መጽሐፉም አንዳንዴ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ሥራ አስኪያጁ ማድረግ በማይችለው ነገር ላይ ነው። የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የማያዋጣ ደንበኛን መተው ይችላል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይችልም። ኩባንያው ጎበዝ ሠራተኛ ሲያገኝ ደመወዝ ጨምሮ ይይዘዋል፤ መሥሪያ ቤቱ በደመወዝ እርከን የታሰረ ነው። ኩባንያው ትርፍ የምትባል አንድ መለኪያ አለችው፤ ትምህርት ቤትን ወይም እሳት አደጋን በምን ትለካላችሁ? ማኔጅመንት የተማረ ሰው መንግሥት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጋጨው ከእነዚህ ጋር ነው።

ሆኖም ወደ መንግሥት ሥራ መግባታችሁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ማኔጅመንት የተሻለ ምርጫ ነው። ከማኔጅመንት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መሻገር ይቀላል፤ ከሕዝብ አስተዳደር ወደ ባንክ ወይም ወደ ንግድ ድርጅት መሻገር ግን ቀጣሪውን ማስረዳት ይጠይቃል። የገበያ ጥናትና የሽያጭ ኮርስ በትራንስክሪፕታችሁ ላይ አይኖርማ።

*ኢኮኖሚክስ።* ካልኩለስ የማያስፈራው ተማሪ ኢኮኖሚክስ ቢመርጥ ብዙ አይሳሳትም። የፖሊሲ ጥናት የሚሠሩ ተቋማት ቁጥር የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ፤ ኢኮኖሚክስም ያንን ከማንም በላይ ያስተምራል። የሚያጎድለው መሥሪያ ቤቱን ነው። ድጎማው ለማን ቢሰጥ እንደሚሻል ያሰላል፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝር እንዴት እንደሚጠራ፣ ክፍያው በየትኛው ቢሮ በኩል እንደሚያልፍ፣ ለምን ሦስት ወር እንደሚዘገይ ግን አያስተምርም።

*አካውንቲንግና ሌሎች።* አካውንቲንግ እንደ ሕግ የተከለለ ሜዳ አለው፤ ኦዲተር መሆን ለሚፈልግ ማወዳደርም አያስፈልግም፣ እዚያው ይግባ። ልማት ጥናት በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ይታወቃል፣ በመንግሥት መደብ ማስታወቂያ ላይ ግን ስሙ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። «ገቨርናንስ» የሚል ስም ያላቸው አዳዲስ ፕሮግራሞች ደግሞ በስማቸው ሊመዘኑ አይችሉም፤ አንዱ የሕዝብ አስተዳደር ሲሆን ሌላው ስሙ የተቀየረ ፖለቲካል ሳይንስ ነው። ዝርዝሩን ማየት የግድ ነው።

የት ቤት ያደገ ነው?

የሕዝብ አስተዳደርን ከመረጣችሁም ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ፤ በዚህ ስም የሚሰጡ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ካላቸው ርቀት ሊበልጥ ይችላልና። ምክንያቱ በመስኩ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1887 ውድሮ ዊልሰን፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ብዙ ዓመታት በፊት፣ አስተዳደር ከፖለቲካ ተለይቶ ራሱን ችሎ ይጠና ብሎ ጻፈ። በ1937 ሉተር ጉሊክ የአስተዳዳሪውን ሥራ በሰባት ከፈለው፤ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ሠራተኛ ማሟላት፣ መምራት፣ ማስተባበር፣ ሪፖርት ማድረግና በጀት ማውጣት። በ1946 ደግሞ ኸርበርት ሳይመን፣ በኋላ በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው፣ እነዚህ የአስተዳደር መርሆዎች ተረትና ምሳሌ ናቸው ብሎ ተቸ፤ ለእያንዳንዱ ተቃራኒው አለውና። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትክክል ነው፣ «ሳይቃጠል በቅጠል»ም ትክክል ነው፤ ዛሬ የትኛውን ልከተል ለሚል ሰው ግን ሁለቱም መልስ የላቸውም። አንድ አለቃ ጥቂት ሰው ብቻ ይቆጣጠር ካላችሁ እርከኑ ይረዝማል፣ እርከኑ ይጠር ካላችሁ በአንድ አለቃ ሥር ያለው ሰው ይበዛል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እንደ ብሪታንያና ኒውዚላንድ ያሉ አገሮች የንግዱን ዓለም አሠራር፣ ውልን፣ ውድድርን፣ የውጤት መለኪያን ወደ መንግሥት ቤት አስገቡ።

እንግዲህ ትምህርት ክፍሉ ፖለቲካል ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ያደገ ከሆነ የዊልሰንን ክርክር እስኪሰለቻችሁ ትማራላችሁ፣ በጀት ግን በአንድ ኮርስ ይታለፋል። ቢዝነስ ኮሌጅ ውስጥ ከሆነ አካውንቲንግና ማኔጅመንቱ ይጠነክራል፣ ሕጉና ፖሊሲው ይሳሳል፤ አንዳንዴም «ድርጅት» የሚለውን «መንግሥት» ብሎ የቀየረ ማኔጅመንት ሆኖ ይገኛል። ራሱን በቻለ የአስተዳደር ኮሌጅ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ ድክመቱ መምህራኑ አንዱ የሌላውን ኮርስ መድገማቸው ነው። ሳልወላውል የምመክረው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከሌለ ቢዝነስ ኮሌጅ ውስጥ ያለውን መርጦ የአስተዳደር ሕጉን በምርጫ ኮርስ መሙላት። ሕግና ፖሊሲን በንባብ ማካካስ ይቻላል፤ በጀት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ግን በንባብ አይለምደውም።

የኮርስ ዝርዝሩን ማንበብ

በ120 ክሬዲት የሚያስመርቅ ፕሮግራም፣ ኮርሱ ባለ ሦስት ክሬዲት ከሆነ፣ ወደ 40 ኮርስ ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ደግሞ ዓመቱ 60 ክሬዲት ሲሆን የመጀመሪያ ዲግሪ 180 ወይም 240 ክሬዲት ይፈጃል፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራን ይወክላል። ሁለቱን ክሬዲቶች አንድ ናቸው ብላችሁ አታወዳድሩ፤ 180ው ከ120ው ይበልጣል ማለት አይደለም።

ከዚያ እርሳስ ይዛችሁ እጅ የሚያፍታቱትን ኮርሶች አክብቡ። በእኛ ሚዛን ቢያንስ እነዚህ ሊኖሩ ይገባል፦

- የመንግሥት በጀትና ፋይናንስ፣ ሁለት ኮርስ
- ግዥና የውል አስተዳደር፣ አንድ
- የመንግሥት ሰው ኃይል አስተዳደር፣ አንድ
- የአስተዳደር ሕግ፣ አንድ፣ ቢቻል ሁለት
- ስታቲስቲክስና የጥናት ዘዴ፣ ሁለት፣ ከኮምፒውተር ልምምድ ጋር
- የፖሊሲ ትንተና፣ አንድ
- የተግባር ልምምድ፣ ክሬዲት ያለው

ዘጠኝ ገደማ ክብ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ግዥ ብዙ ቦታ ጭራሽ አይገኝም፤ ከመንግሥት ገንዘብ ትልቅ ድርሻ የሚወጣው በግዥ በኩል ሆኖ ሳለ ይህ የሚገርም ጉድለት ነው። በስማቸው «መግቢያ» ያለባቸው ኮርሶች ከስድስት ከበለጡም ተጠንቀቁ፤ ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ይመረቃል።

የኮርሱ ስም መኖሩ ብቻ አይበቃም። በጀት የሚል ኮርስ የታክስ ጽንሰ ሐሳብ ብቻ አስተምሮ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ተማሪ አንድ የተሰጠውን የቤት ሥራ ለምናችሁ እዩ። ጥሩ የበጀት ቤት ሥራ ይህን ይመስላል። የአንድ ጤና ጣቢያ የዓመት በጀት 1,200,000 ነው፤ ደመወዝ 720,000፣ መድኃኒት 300,000፣ ጥገና 120,000፣ ትራንስፖርት 60,000። ስድስት ወር ሲሞላ የወጣው ደመወዝ 350,000፣ መድኃኒት 285,000፣ ጥገና 6,000፣ ትራንስፖርት 31,000። ድምሩ 672,000፣ ማለትም 56 በመቶ። ከላይ ላየው ሰው ጤነኛ ነው፤ በግማሽ ዓመት ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ምን አለበት?

መስመር በመስመር ሲታይ ግን መድኃኒቱ 95 በመቶ አልቋል። ጎበዙ ተማሪ «በጀት ተላልፏል» ብሎ አይዘልም፤ የዓመቱ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተገዝቶ መጋዘን ገብቶ እንደሆነ የንብረት ክፍሉን ካርድ ይጠይቃል። ከገባ ምንም ችግር የለም፤ ካልገባ ቀሪው ስድስት ወር በ15,000 ሊገፋ ነው። ጥገናው ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ግን የ90,000 የጣራ እድሳት ውል ተፈርሞ ክፍያው ገና ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ በጥሬ ገንዘብ 5 በመቶ ያለው መስመር ግዴታ ሲጨመርበት 96,000፣ ማለትም 80 በመቶ ነው። ይህን ያላየ ሹም «ጥገና ላይ ገንዘብ ተርፏል» ብሎ ወደ ሌላ ያዛውርና ሥራ ተቋራጩ ሂሳብ ይዞ ሲመጣ ካዝናው ባዶ ይሆናል። በወጣ ገንዘብና በታሰረ ገንዘብ መካከል ያለውን ልዩነት በእጁ ያልሠራ ተመራቂ በመጀመሪያው የሥራ ዓመቱ የሚሠራው ስሕተት ይህ ነው።

መጽሐፎቹንም እዩ። መስኩ በአሜሪካ ስለጎለበተ ብዙው መማሪያ የሚተርከው የአሜሪካን ታሪክ ነው፤ በ1883 ሹመትን በብቃት ላይ ለመመሥረት የወጣው የፔንድልተን ሕግ፣ በምክር ቤት የሚቀጠር የከተማ ሥራ አስኪያጅ፣ የፌዴራልና የክልል ግንኙነት። ማወቁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የምትሠሩበት አገር የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ፣ የግዥ መመሪያና የበጀት አቆጣጠር በየኮርሱ ውስጥ ካልተነበበ፣ የሰው አገር ባለሙያ ሆናችሁ ትወጣላችሁ።

ዕውቅናን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ። ናስፓ በመባል የሚታወቀው፣ መቀመጫው አሜሪካ የሆነው የሕዝብ አስተዳደርና የፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ዕውቅና የሚሰጠው ለማስተርስ ፕሮግራሞች ነው። አንድ ትምህርት ክፍል የናስፓ ዕውቅና አለን ቢላችሁ ለማስተርሱ እንጂ ለመጀመሪያ ዲግሪው አይደለም። በአውሮፓ ያለው ኢያፓ የተባለው የሕዝብ አስተዳደር ፕሮግራሞች ዕውቅና ሰጪ ማኅበር ግን የመጀመሪያ ዲግሪንም ይገመግማል። ከሁለቱም በፊት የሚያሳስበው የአገሩ የትምህርት ባለሥልጣን ፈቃድ መኖሩ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ለተቋሙ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ፕሮግራም፣ በዚያ ግቢ፣ በዚያ የአሰጣጥ ዘዴ መሆን አለበት።

ልምምድ ወይስ የመመረቂያ ጽሑፍ?

አንዳንድ ፕሮግራም አንዱን ምረጡ ይላል። ልምምድን ምረጡ፣ ሁኔታው ከተሟላ። ስምንት ሳምንት በሳምንት 40 ሰዓት 320 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ያነሰ ልምምድ ከመዝገብ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ልምምድ የሚበላሸው በአንድ መንገድ ነው፤ ተማሪው ወረቀት ኮፒ እያደረገና ሻይ ቤት እየተላከ ይጨርሳል። መድኃኒቱ ከመሄድ በፊት በደብዳቤው ላይ የሚሠራውን ነገር በስሙ ማስጻፍ ነው፤ «የ12 የሥራ መደቦች ዝርዝር ማዘመን»፣ «የስድስት ወር የቅሬታ መዝገብ መተንተን»። «መሥሪያ ቤቱን ማገዝ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ሻይ ያስቀዳል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበላሽበት መንገድም የታወቀ ነው። ርዕሱ «በ… ያለው አሠራርና ተግዳሮቶች» ይሆናል፤ «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ያለው መጠይቅ ለ100 ሠራተኛ ይበተናል፤ አማካዩ 3.4 ወጣ ይባላል፤ ሥልጠና ይሰጥ የሚል ምክር ይጻፋል። አንባቢው ስለ መሥሪያ ቤቱ አንዳች አላወቀም። ይልቅ አንድ አገልግሎት ያዙ፣ ለምሳሌ ፈቃድ እድሳት፤ 60 ያለቁ ፋይሎች አውጡ፣ እያንዳንዱ በየጠረጴዛው የገባበትንና የወጣበትን ቀን መዝግቡ። እንዲህ ዓይነት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉ 14 ቀን ሲፈጅ በላዩ ላይ የተሠራው ሥራ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ቀሪው ፊርማ ጥበቃ ነው። የትኛው ፊርማ ላይ እንደቆመ ማሳየት የቻለ ተማሪ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዞት የሚቀርበው ነገር አገኘ።

መደበኛ፣ ማታ፣ ርቀት

ገና ሥራ ያልጀመረ ሰው መደበኛውን ይማር። በመሥሪያ ቤት ያለ ሰው ማታ ቢማር ከመደበኛው ተማሪ የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል፤ ቀን ያየውን ማታ ይጠይቃል፣ የክፍል ጓደኞቹም ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው። የርቀት ትምህርት ለጽንሰ ሐሳብና ለሕግ ኮርሶች ይሆናል፤ ስታቲስቲክስ ላይና በቡድን በሚሠራ የፖሊሲ ትንተና ላይ ይሰበራል፣ ተማሪው ሞጁሉን ሸምድዶ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና በቁጥር የሚለካ ስሌት) ሠርቶ ሳያውቅ ይጨርሳል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ትራንስክሪፕቱ ከመደበኛው ጋር አንድ ነው ወይ፣ በርቀት የተገኘ ዲግሪስ ለደረጃ እድገት ይያዛል ወይ። ሁለተኛውን የሚመልሰው ኮሌጁ አይደለም፣ የመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ኃይል ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ይማሯል?

በሕዝብ አስተዳደር የተመረቀ ሰው ወዲያው በዚያው ማስተርስ ሲቀጥል ብዙውን ይደግመዋል፤ ያ ማስተርስ በአብዛኛው የተነደፈው መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም መምህር ሆኖ ኃላፊነት ላይ ለወጣ ሰው ነው። ለእናንተ የሚያዋጣው ስለታም የሆነ ነገር መጨመር ነው፤ ኢኮኖሚክስ፣ የመረጃ ትንተና፣ የጤና አስተዳደር፣ የከተማ ፕላን። የፖሊሲ ማስተርስም ቁጥሩ ጠንከር ስለሚል ከአስተዳደሩ ይልቅ አዲስ ነገር ይሰጣል፤ ግን ሁለቱ የስታቲስቲክስ ኮርሶች ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ከሌሉ መግቢያው ላይ ትቸገራላችሁ።

ተሳስቶ የገባ

የሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወሳኙ ጊዜ ነው። እስከዚያ የተወሰዱት ኮርሶች፣ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ ፖለቲካ መግቢያ፣ ብዙዎቹ ወደ ጎረቤት ትምህርት ክፍል ይዛወራሉ። በሦስተኛው ዓመት የሚወሰዱት የበጀትና የአስተዳደር ሕግ ኮርሶች ግን ሌላ ቦታ «ነጻ ምርጫ» ተብለው ይቆጠራሉ፤ የነጻ ምርጫ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ኮርስ አይበልጥም፣ የቀረው ይወድቃል። ስለዚህ ለመቀየር ያሰበ ተማሪ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት የሚገባበት ትምህርት ክፍል የትኛውን ኮርስ በምን እንደሚተካለት አንድ በአንድ የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይቀበል። በቃል «ይታይልሃል» የተባለ ኮርስ በምረቃ ሰሞን ሬጅስትራር መስኮት ላይ አይታወቅም።